ትብለጽ ያመነችው ጥፋት

ቦሌ ላይ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ይህን በሽታ ያውቀዋል። በጋ ሲሆን ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ስንጥቁ ይገጥማል፤ በሚቀጥለው በጋ ደግሞ ጎረቤት ይዞ ይመጣል። ባለቤቱ ግንበኛውን ይረግማል፣ ግንበኛው ሲሚንቶውን ያማል፤ ሲሚንቶውን የሚያከፋፍለው መንግሥት ስለነበረ ሐሜቱ እዚያ ሲደርስ ድምፁ ይቀንሳል። ጥፋተኛው ግን ከሥር የተኛው፣ ኮትቻ የሚሉት ጥቁር አፈር ነው። ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ከላዩ የተቀመጠውን ቤት እንደፈለገው ያነሳዋል፣ ያወርደዋል።

ትብለጽ ገብረሃንስ ያደገችው እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው። አባቷ በጃንሆይ ጊዜ ከዓዲግራት መጥተው፣ ጨርቅ ነግደው ባጠራቀሙት ገንዘብ ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ የሠሩት ቤት ነበር። የቤቱ በር በደንብ የተዘጋበትን ክረምት አታስታውስም። ምህንድስና ስትማርም ጓደኞቿ ድልድይና ግድብ ሲመኙ እሷ የተመኘችው ይህን አፈር ማወቅ ነበር። ተመርቃ በአንድ የመንግሥት የግንባታ መሥሪያ ቤት የአፈር ምርመራ ክፍል ተቀጠረች። ጠዋት ጠዋት በአውቶቡስ እስከ ጉርድ ሾላ ትሄዳለች፤ ቀኑን ሙሉ አፈር ስትመዝን፣ ስታደርቅ፣ ስትፈጭ ትውላለች። ማታ ስትመለስ ጥፍሯ ሥር የገባው ጥቁር ነገር በሳሙናም አይለቅም።

ሥራዋ ግን ቢሮ ላይ አያበቃም ነበር። የቦሌን ቤቶች ደጅ እያንኳኳች፣ «ስንጥቃችሁን ልይ» ትላለች። በስንጥቁ ላይ ትንሽ ጀሶ ትለጥፍበታለች፤ ግድግዳው ሲንቀሳቀስ ጀሶው ይሰበራል፣ እሷም ትለካለች። መጀመሪያ የቀበሌ ሰው መስላቸው የደነገጡ ነበሩ። በኋላ ለመዷት፣ «የስንጥቅ ሐኪም» የሚል ስምም አወጡላት። ወይዘሮ ወለተማርያም የሚባሉ፣ መኝታ ቤታቸው እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ለሁለት የተከፈለ ባልቴት፣ ባዩዋት ቁጥር መድኃኒቱ መቼ እንደሚገኝ ይጠይቋት ነበር። መድኃኒቱ እንዲገኝ ግን የአፈሩ ጉልበት መለካት አለበት። ያን የሚለካ መሣሪያ በአገሩ አልነበረም።

ስለዚህ ትብለጽ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በመንግሥት ወጪ ውጭ አገር ሄዳ፣ በዚህ አፈር ላይ የድኅረ ምረቃ ምርምር ሠርታ መመለስ። ሁለት ጊዜ አመልክታ ሁለት ጊዜ ቀረች። አንዴ ሴት ስለሆነች ቅድሚያ ለቤተሰብ ኃላፊዎች ይሰጥ ተባለ። አንዴ ደግሞ ምክንያቱም አልተነገራት፤ ስሟን ያነበቡት ሰዎች ትውልድ አገሯን ሁለት ጊዜ እንደጠየቋት ብቻ ታስታውሳለች። በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ማስታወቂያው እንደገና ሲለጠፍ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። ሠላሳ አምስት የሞላው ማመልከት አይችልም። ይህ እንግዲህ የመጨረሻዋ ነው።

የምርምር ዕቅዷን ጻፈች። የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ማሚቱ በምሳ ሰዓቷ በጽሕፈት መኪና መታችላት። ዕቅዱ ወደ ውጭ ተልኮ፣ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች «ይህን ርዕስ የሚሠራ ሰው ላኩልን» ብለው መለሱ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ አላት። የቀረው የመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ድጋፍ ብቻ ነበር።

ብቻ ማለት ቀላል ነው። የዚያን ዘመን ሰው ያውቀዋል፤ ላላወቀው ግን ይነገረው። ለትምህርት የሚታጭ ሰው በክበቡ ፊት ቆሞ በገዛ አፉ ጥፋቱን ይናገራል፤ ይህ ግለ ሂስ ይባላል። ከዚያ ሌሎቹ ይጨምሩበታል፤ ያ ደግሞ ሂስ ነው። ጥፋት የለብኝም ያለ ትምክህተኛ ይሆናል። እውነተኛ ጥፋቱን የተናገረ ደግሞ አለቀለት። ስለዚህ አዋቂው ሁሉ ለዚያ ቀን የሚሆን፣ ማንንም የማይጎዳ ጥፋት እንደ ክት ልብስ አስቀምጦ ይኖር ነበር። የሚገርመው አገር ሙሉ ይህን ጨዋታ ማወቁ አይደለም፤ አውቆ እንደ ቁም ነገር ግንባሩን ቋጥሮ መጫወቱ ነው።

የምርመራ ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ሽፈራው፣ ጡረታቸው የቀረበ፣ ክፉ የማይወዱ ሰው ነበሩ። ከስብሰባው በፊት ወደ ጥግ ጠሯት።

«ስብሰባ አረፍዳለሁ በይና ተቀመጪ» አሏት።

«አርፍጄ አላውቅም እኮ፣ ጋሼ።»

«ማንም አርፍዶ አያውቅም። ሁሉም የሚለው ግን እሱን ነው።»

ትብለጽ ግን ዕድሜዋን የፈጀችው በመለካት ነው፤ ያልሆነውን ሆነ ማለት አፏ ላይ አይመጣላትም። ደግሞም አሰበችበት። ጥፋት ከተፈለገ እውነተኛ አላት፤ እሱን ብትናገር ሥራዋን ምን ያህል እንደምትወድ ያያሉ፣ ያው ለትምህርቱም የሚፈለገው እንዲህ ያለ ሰው ነው። እዚህ ላይ ነው የተሳሳተችው። ዳኛ ፊት የቆመች መስሏታል።

ተራው መጀመሪያ የካሳዬ ነበር። ካሳዬም መሐንዲስ ነው፤ ግን ከተመረቀ ጀምሮ ዕቃ ግዢ ክፍል ተቀምጦ አፈር የነካው ጫማው ብቻ ነው። እሱም ለዚያችው ቦታ አመልክቷል። ተነሳ፣ ጉሮሮውን ጠረገና፣ ለአብዮቱ ሥራ ሲል ለራሱ እረፍት እንደማይሰጥ፣ በዚህም ጤናውን እንደሚበድል አመነ። ጥፋት ተብሎ የቀረበው ይኸው ነው። አንድ ሁለት ሰው «ጓድ ካሳዬ ራሱን ይጠብቅ» የሚል ሂስ ሰጠው።

ከዚያ ትብለጽ ተነሳች። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ መሥሪያ ቤቱ ወደ የካ ተራራ ለችግኝ ተከላ በወጣባቸው ሁለት እሁዶች እንዳልወጣች ተናገረች። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲወርድ አፈሩ የሚያብጠው በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው፤ ያ ካለፈ ዓመት ይጠበቃል፤ ባለቤቶቹም ቤት የሚገኙት እሁድ ነው። ስለዚህ ቦሌ ቀርታ ስንጥቅ ስትለካ ነበር። ፈቃድ መጠየቅ ነበረባት፣ አልጠየቀችም። ይህ ጥፋቷ ነው።

የክበቡ ሰብሳቢ ጓድ ገረመው ፈገግ አለ። ግልጽነቷ የሚደነቅ መሆኑን ተናገረ፤ ሌሎችም ከእሷ እንዲማሩ አሳሰበ። ተጨበጨበ። ትብለጽ ከደረቷ ድንጋይ እንደወረደላት ሆና ተቀመጠች። ጋሽ ሽፈራው ግን ዓይናቸውን ከወለሉ አላነሱም።

ውጤቱ የተነገረው ከፋሲካ በኋላ ነው። ካሳዬ አለፈ። ትብለጽ «የግል ፍላጎቷን ከጋራ ተግባር በማስቀደሟ» ድጋፍ አልተሰጣትም። የግል ፍላጎት ተባለ እንግዲህ፤ በዝናብ ከቤት ቤት እየዞሩ የሰው ግድግዳ መለካት።

ደሟ ፈላ። በማግስቱ ጠዋት ገረመው ቢሮ ገባች። በዕድሜ ከእሷ ብዙ የማይበልጥ ሰው ነው፤ ግን በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠን ሰው አንተ የሚል አልነበረም። ወንበር ጋበዛት፣ አልተቆጣትም፤ ቢቆጣት ይሻል ነበር። በጋራው ተግባር ምን እንዳጎደለች፣ ካሳዬስ በዚህ አፈር ላይ ምን እንደሠራ ጠየቀችው። የጠየቀችውን ሁሉ ካዳመጠ በኋላ እጁን ዘረጋ።

«እኛ ምን ጨመርንበት? አንቺው ራስሽ ያልሽው ነው እኮ» አላት።

«እውነቱን ተናገሪ ስለተባልኩ ነው የተናገርኩት።»

«ተናገርሽ፤ አመሰገንንሽ። ጥፋትሽን አምነሽ ስታበቂ አልፈሻል ብንል ግለ ሂሱ ምን ትርጉም አለው? በሚቀጥለው ዙር ታርመሽ ትቀርቢያለሽ።»

«በሚቀጥለው ዙር ዕድሜዬ ያልፋል።»

«እሱ የበላይ አካል ደንብ ነው። እኛ አላወጣነውም።»

እንዲህ ያለ ሰው የሚያናድደው መዋሸቱ አይደለም፤ አንድም ውሸት አልተናገረም። የገዛ ቃሏን አስሮ መልሶ ሰጣት፣ ከዚያም በሩን ራሱ ከፍቶ ሸኛት። ትብለጽ በደረጃው ስትወርድ እንባዋ የመጣው ከሐዘን ሳይሆን ከንዴት ነበር፤ እሱንም ማንም ሳያይባት በመዳፏ ጠረገችው።

ዓይን ያወጣው ነገር ገና አልመጣም ነበር። የውጭዎቹ ሰዎች የፈቀዱት ቦታ ሰው ሳይሆን ርዕስ ይዞ ነው፤ ርዕሱ ደግሞ የቦሌ ኮትቻ ነው። ካሳዬ ሌላ ርዕስ ይዞ ቢሄድ ቦታው ይሰረዛል። ስለዚህ አንድ ቀን ከሰዓት ካሳዬ ራሱ ወደ ምርመራ ክፍሉ መጣ። አፈር በሞላባቸው ሣጥኖች መካከል ኮቱን ሰብሰብ አድርጎ ቆመ። ዕቅዷንና የለካቻቸውን ሁሉ እንድታስረክበው፣ ለመሄድ እስኪዘጋጅም ስለ አፈሩ እንድታስረዳው ታዟል። ትዕዛዙን የነገራት አፍሮ ነበር፤ እሱን እንኳ እንዳትጠላው ማፈሩ ከለከላት።

«እኔ አልጠየቅኋቸውም» አላት።

«እምቢም አላልካቸውም» አለችው።

ያን ዕለት ቤቷ ስትገባ አባቷ የሆነውን ሰሙ። አቶ ገብረሃንስ ብዙ መንግሥት ያዩ ሰው ናቸው፤ የሚፈሩት አንድ ነገር ነበር። የእነሱ አገር ስም በሬዲዮ ከወንበዴ ጋር በሚነሳበት ጊዜ የእነሱ ልጅ ከካድሬ ጋር ስትነታረክ መሰማቷ። ስጪያቸውና ዝም በይ አሏት። ጋሽ ሽፈራውም ያንኑ አሏት። ማሚቱ ብቻ ዕቅዱን በምሳዋ የመታችው እሷ መሆኗን አንስታ፣ ብታቃጥይው አልፈርድብሽም አለቻት።

ትብለጽ አላቃጠለችውም። ስንጥቁ የካሳዬም የገረመውም አይደለም፣ የወይዘሮ ወለተማርያም ነው፤ መድኃኒቱን ማንም ያምጣው፣ መምጣት አለበት። ብዙ ሳምንት ተቀምጣ አስተማረችው። አፈሩ እንዴት እንደሚቆፈር፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ እንዴት በሰም እንደሚለበጥ፣ ጀሶው የት እንደሚለጠፍ አሳየችው። ካሳዬ ሰነፍ አልነበረም፤ ቶሎ ገባው። አንዳንድ ቀን ጥሩ ጥያቄ ሲጠይቃት ደስ ይላትና፣ ወዲያው ደስ ማለቷ ራሱ ያንገበግባት ነበር።

ሊሄድ ሲል ክበቡ የሽኝት ስብሰባ ጠራ። ሻይና ብስኩት ነበረ። ጓድ ገረመው ስለ ሳይንስና ስለ ሰፊው ሕዝብ ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። ቀጥሎም ጓድ ትብለጽ የምርምር ዕቅዱን በክበቡ ፊት ለጓድ ካሳዬ እንድታስረክብ፣ ይህም ጥፋቷን ማረሟን የሚያሳይ መሆኑን ገለጸ። ማረሟን ሲል ነው የሆነ ነገር የተበጠሰባት።

ወረቀቶቹን ይዛ ተነሳች። ለካሳዬ ሰጠችው፣ እሱም አንገቱን ሰብሮ ተቀበላት። ሰው ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሳ እሷ ግን ወደ ወንበሯ አልተመለሰችም።

«ዕቅዱን ሰጥቻለሁ» አለች። «የሰጠሁት ቤታቸው ለሚፈርስባቸው ሰዎች ነው፤ ጥፋት ስላረምኩ አይደለም። በዚያ ቀን በእናንተ ፊት ጥፋት ነው ብዬ የተናገርኩት ጥፋት አልነበረም። ሥራዬ ነበር። ግለ ሂሴን መልሱልኝ።»

ማሚቱ ቃለ ጉባኤ የምትይዝበትን እስክሪብቶ አቆመች። ጋሽ ሽፈራው፣ ከኋላዋ፣ የሹራቧን ጫፍ ቀስ ብለው ሳቡት።

«ግለ ሂስ ከተሰጠ በኋላ የሚመለስበት አሠራር የለም» አለ ገረመው።

«እንግዲያው አሠራር አውጡለት።»

«ተቀመጪ፣ ጓድ ትብለጽ።»

«ካልመለሳችሁልኝ አልቀመጥም።»

ገረመው ግራ ቀኙን አየ። አስወጧት እንዳይል ምን አድርጋ ይባላል፤ ዕቅዱን አስረክባለች፣ አልጮኸችም፣ አብዮቱን አልነካችም። ጉሮሮውን ጠርጎ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። ስለ ወርኃዊ መዋጮ ተወራ፣ ቀጥሎ ስለ ክረምቱ ችግኝ ተከላ። ተናጋሪዎቹ እየተነሱ ተናገሩ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ካሳዬ ወረቀቶቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አንዴም ቀና አላለም፤ ብስኩቱንም የነካው ሰው አልነበረም። ትብለጽ በመካከላቸው እንደቆመች ነበር፤ ስብሰባው ተዘግቶ ሰው ሁሉ እሷን ላለመንካት ጠርዝ ጠርዙን ይዞ እስኪወጣ ድረስ አልተቀመጠችም።