ጉና ሥር የተጠየቀው ጥያቄ

ረቡዕ፣ ንጋት 12 ሰዓት፤ ባሕር ዳር

መናኸሪያው ገና በደንብ አልነጋለትም። ረዳቱ "ደብረ ታቦር! የሞላ! የሞላ!" እያለ ይጣራል፤ ውስጥ ያለነው አራት ነን። የያዝኩት ድምፅ መቅጃ፣ ማስታወሻ ደብተርና ከአንባቢዎች ደጋግሞ የደረሰኝን ጥያቄ ነው፦ ስለ እርቅ፣ አሁን በየሥልጠናው "ተሃድሷዊ ፍትሕ" ስለሚባለው፣ መማር የሚፈልግ ሰው ከየት ይጀምር?

የሐሙሲት ገበያ ነገ ነው፤ ዛሬ ከተማዋ ጭር ብላለች። ከወረታ በኋላ ሜዳው ያልቅና መኪናው እያቃሰተ ይወጣል። መስኮት የሚዘጋው ሰው በዛ።

3:30፤ ደብረ ታቦር

መምህርት ውባለም ፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ አገኘኋት። የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ዜጋ መምህርት ናት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ታናሽ ወንድሟ በመሬት ወሰን ጠብ የጎረቤት ልጅ ገደለ። ተፈረደበት፣ ታሰረ፣ ጨርሶ ወጣ። እርቅ ስላልወረደ ግን መንደሩን ሊረግጥ አይችልም፤ ቆላ ወርዶ በሰው እርሻ ላይ ይሠራል። እናታቸው እሱ ይተኛበት የነበረው መደብ ላይ እስከ ዛሬ እንግዳ አታስተኛም።

የፎቶ ኮፒው ባለቤት ሰይድ አንድ ክምር ወረቀት እየጠረዘላት ነበር። የሥልጠና ሞጁል፣ ከዩኒቨርሲቲ የተገኘ ጽሑፍ፣ በእጅ የተገለበጠ ማስታወሻ።

"መምህርት፣ ይሄ ነገር እኮ ሊያስመርቅሽ ነው!"

"አንተ ዝም ብለህ ጠርዝ" አለችው እየሳቀች። ወደ እኔ ዞር ብላ ግን፦ "ሁሉንም አንብቤዋለሁ። እርቅ እንዴት እንደሚያልቅ ሁሉም ይነግረኛል። እንዴት እንደሚጀመር ነው የጠፋብኝ።"

6 ሰዓት፤ ክምር ድንጋይ

ሁዳዴ ነው። አንድ ሳህን ቅቅል ድንች ከአዋዜ ጋር፣ ሃያ ብር። ከዚህ በኋላ ወደ ውባለም መንደር አብረን የምንሄደው በእግር ነው። የጉና ብርድ በፀሐይም ይሰማል። የበልግ ገብሱ ገና ከመሬት ብቅ እያለ ነው፤ በጎቹ ነፋሱን ጀርባ ሰጥተው ይግጣሉ።

7:30፤ አያ ደጉ ቤት

አያ ደጉ በዚህ አካባቢ ደም በማድረቅ፣ ማለትም የገዳይና የሟችን ቤተሰብ በማስታረቅ፣ የታወቁ ሽማግሌ ናቸው። መቅጃዬን ሳወጣ ዐይናቸውን ጣሉበት።

"እሱ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ድምፅ መቅጃ ነው። ካስታረቋቸው የአንዱን ታሪክ ቢነግሩኝ፣ ሌላው እንዲማርበት…"

"ወደ ኪስህ መልሰው ልጄ። ሲታረቁ ነገሩ ዳግመኛ ላይነሣ ሁላችንም ምለናል። ዛሬ ልጅ ለልጅ ተጋብተዋል። ላንተ ጋዜጣ ብዬ ላንሣው?"

መለስኩት።

"ታዲያ እኔ ከማን ልማር አያ?" አለች ውባለም።

"ያንቺ ነገር አልተማለበትም። ስለሱ እስኪመሽ እናወራለን።" ሁለት ጊዜ የሟች አባት ዘንድ ሄደው ያለ መልስ መመለሳቸውን ነገሩን።

ውባለም ጥራዟን ገለጠች። "እዚህ ላይ፣ የተበደለው ሰው ምን እንደሚፈልግ አስቀድሞ ይጠየቅ ይላል።"

"እስቲ ድገሚው።"

ደገመችው።

"ይሄን የጻፈው ሽማግሌ ነው?"

"ምሁር ይመስለኛል አያ።"

"ደህና ሰው ነው።" ጥቂት አሰቡ። "እኔ ሁለቱንም ጊዜ 'ማሩልን' ነው ያልኩት። ምን ትፈልጋለህ ብዬ አልጠየቅሁትም።" ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡ። ውባለምም ነጠላዋን አስተካክላ ተከተለቻቸው።

"አንቺ ወዴት?"

"አብሬዎት ልሂድ። ልለምናቸው።"

"የገዳይ እህት እዚያ ደጅ ብትታይ፣ ሦስተኛውንም ታበላሺብኛለሽ። ተቀመጪ።"

ከሁለት ጎረቤቶቻቸውና መስቀል ከያዙ አንድ ቄስ ጋር ወደ ሟች አባት ቤት ወረዱ።

9:30፤ ከካቡ ሥር

የድንጋይ ካብ ተደግፈን እንጠብቃለን። ከገደሉ ማዶ ሁለት ቆርቆሮ ጣራዎች ይታያሉ። አንዱ የእናቷ፣ ሌላው የሟች አባት ነው። በመካከላቸው የወሰን ድንጋዩ ያለበት ጠባብ ማሳ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያረሰው የለም።

"ወንድሜ ሲደውል ስለ ሰው አይጠይቀኝም" አለች። "ጉና ደመና ለብሷል? በጎቹ ወለዱ? ይላል። አንድ ቀን የምንጩን ውሃ ድምፅ በስልክ አሰሚኝ አለኝ።"

"አሰማሽው?"

"ሄድኩ። ምንጩ ጋ የነሱ ሰዎች ነበሩ፤ መንገድ ለቅቄ ተመለስኩ።"

11 ሰዓት

ሽማግሌዎቹ ዳገቱን ቀስ ብለው ወጡ። ውባለም ተነሥታ ቆመች። አያ ደጉ ትንፋሻቸውን ሰብስበው የአባትየውን ቃል እንዳለ አደረሱ፦

"'ዳኛው ስለ ወሰኑ ጠየቀ። ስለ ዱላው ጠየቀ። ልጄ ሲወድቅ ምን እንዳለ የጠየቀ የለም። ከገዳዩ በቀር የሰማ ሰው የለም። ያንን ከአፉ ልስማ፤ ስለ እርቁ ከዚያ በኋላ አናግሩኝ' አለ። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር፣ ቄሱ መካከል ቆመው።"

"እምቢ አላሉም?"

"እምቢ ቢል ቀን አይሰጠኝም ነበር። ይልቅ ደውዪለት። የሟቹን ቃል ግን አንቺ እንዳትሰሚው፤ መጀመሪያ የሚሰማው አባትየው ነው።"

11:45፤ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ

ነፋሱ ስለበረታ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገችው። የተባለውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረችው። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

"አለህ?" አለች።

"አለሁ።" ድምፁ ደክሟል። "ብሏል። አንድ ነገር ብሏል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጆሮዬ ላይ ነው። ምን አለ መሰለሽ…"

"አትንገረኝ!" ጉብታው ላይ እየጮኸች ነበር። "ለኔ አትንገረኝ ወንድሜ። ይዘኸው ና።"