የወለል ሰምና የሽቶ ሳሙና

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ሼፍ ሁመድ ሞፕ እያቀበለኝ፣ «ሰም ቀብተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ጅቡቲ፣ ሆዳን በሚባል ሰፈር ውስጥ ስምንት ዓመት በሰው ቤት እየኖርኩ የሠራሁ፣ የማዳምን ሳሎን ፊት እስኪያሳይ የማብለጨልጭ ሴት ነኝና ተናደድኩ። «ስንት ዓመት ሙሉ!» አልኩት። ሳቀና፣ «እንግዲያው መጀመሪያ እሱን እርሺው» አለኝ።

ሁመድ ድሬዳዋ ያደገ አፋር ነው፤ አማርኛው ከእኔ አያንስም። በጽዳት ድርጅታችን ከባለቤቱ ከሙሴ ሮብሌ ቀጥሎ ያለው አለቃ እሱ ነበር፤ እዚህ በፈረንሳይኛ ልማድ አለቃን «ሼፍ»፣ አቶን «ሙሴ» እንላለን። ሥራችን የቢሮና የክሊኒክ ወለል ማደስ ነው።

የድሮው ሰም በኬሚካል ይርሳል፤ «ሞኖብሮስ» በምንላት ባለ ክብ ብሩሽ ማሽን ይፈቀፈቃል፤ የወጣው ቆሻሻ ይጠረጋል። ከዚያ ወለሉ ሁለት ጊዜ በውሃ ታጥቦ ይደርቃል። ሰሙ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ወተት የመሰለ ፈሳሽ ነው፤ የራሱ ሞፕ አለው፤ ባልዲ ውስጥ የተረፈው ተመልሶ ጄሪካን ውስጥ አይገባም።

እኔ የመጀመሪያውን ወር ያሳለፍኩት በማበላሸት ነው። አንዴ ቶሎ ልገላገል ብዬ ወፍራም አድርጌ ቀባሁት፤ እስከ ማግስቱ ጫማ ላይ እየተጣበቀ ዋለ። ሌላ ጊዜ ሙቀቱ ሲያንገበግበኝ ቬንቲላተር ከፈትኩ፤ ነፋሱ ላዩን አደረቀውና ውስጡ እርጥብ ቀርቶ ተጨማደደ። ሁመድ አልተቆጣም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብሎ መፈቅፈቂያውን ሰጠኝ። ስስ አድርጎ መቀባትን፣ የእጅን ጀርባ አስነክቶ ካልተጣበቀ ብቻ መደረብን እንዲህ ተማርኩ።

ከስድስት ዓመት በኋላ የቡድን ኃላፊ ሆንኩ። አብራኝ የምትሠራው ዘይነባ የምትባል የሐረር ልጅ ነበረች። እሷም እንደ እኔ ከሰው ቤት ነው የወጣችው። እዚያ የምትተኛው ኩሽና ውስጥ ስለነበር የራሷ በር ያላት ክፍል ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር ስትከራይ ቁልፉን ለሁላችንም አሳይታን ነበር። ያንን ክፍል ያገኘችው በዚህ ሥራ ነው።

አንድ ዓርብ፣ አንድ ክሊኒክ ዝግ በሆነበት ቀን፣ የረጅም ኮሪደሩን ወለል እንድናድስ ተላክን። እኔ ውሃ እየቀዳሁ አቀብላለሁ፣ ዘይነባ ታጥባለች። የመጨረሻውን ባልዲ ስሞላ አንድ ክዳን ፈሳሽ የሽቶ ሳሙና ጠብ አደረግኩበት። እዚህ አገር በሰው ቤት የሠራች ሁሉ ይህ ልማድ አላት፤ ማዳም ከውጭ ስትገባ ጽዳቱን የምትመረምረው በአፍንጫዋ ነው። ካልሸተተ አልታጠበም። ምንም ሳላስብ ነው ያደረግኩት፤ ለዘይነባም አልነገርኳትም።

አራት ጊዜ ስስ አድርገን ቀባን። አምሮበት ነበር። እየተመሰጋገንን ወደ ቤታችን ሄድን።

በሦስተኛው ቀን ከክሊኒኩ ስልክ ተደወለ። ደርሰን ስናይ የሕመምተኛ አልጋ የሚገፋበት መንገድ ሁሉ ነጭ መስመር ሠርቷል፤ ሰሙ እንደ ፎረፎር እየተነሳ ነው። ሙሴ ሮብሌ ወለሉን በጫማው ጫፍ ፋቅ ፋቅ አደረገና፣ «ያጠበው ማን ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች ዘይነባ። «ወላሂ፣ ሁለት ጊዜ ነው ያጠብኩት!»

ሁመድ ተንበርክኮ ሰሙ የተነሳበትን ቦታ በእርጥብ ጨርቅ አሸው። አረፋ ወጣ። ሽታው አፍንጫዬ ሲደርስ ነገሩ ገባኝ፤ ሰሙ የተቀባው ወለሉ ላይ ሳይሆን ሳሙናው ላይ ነው። ሳሙና ላይ ደግሞ ሰም አይዝም።

«በሳሙና አጥበሽ ሳታለቀልቂ ነው የቀባሽው» አላት ሮብሌ። «ጋውኑን መልሺ፣ ከነገ ጀምሮ አትምጪ።»

ዘይነባ ጋውኗን አውልቃ አጠፈችና ወንበር ላይ አስቀመጠች። እኔ የማስበው የኃላፊነት ቦታዬን እንዳላጣ ነበር፣ ምን አስዋሸኝ። ቦርሳዋን አንስታ ወደ በሩ ስትሄድ ግን ድሮ ትተኛበት የነበረው ኩሽና ታየኝ።

«ሙሴ ሮብሌ፣ ሳሙናውን ውሃው ውስጥ የጨመርኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «እሷ አታውቅም።»

«አንቺ? ኃላፊዋ?»

ሁመድ ጉልበቱን እያራገፈ ተነሳ። «ከሰው ቤት የመጡት ሁሉ ይህ ልማድ አላቸው» አለ። «ቀድሜ ማስጠንቀቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ።»

ሮብሌ ሦስታችንንም ተራ በተራ አየን። «ዓርብ እንደገና ትሠሩታላችሁ» አለ በመጨረሻ። «ያኔም ከተነሳ አንቺም ዘይነባም ትሄዳላችሁ።»

ዓርብ ሁሉንም ፍቀን አነሳን። ሦስት ጊዜ በውሃ ብቻ አጠብን። ዘይነባ እያንዳንዱን ባልዲ ጎንበስ ብላ ታሸታለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሽቶ ይዘሽ መጣሽ?» እያለች ቀኑን ሙሉ አሾፈችብኝ። በሳቋ ውስጥ ይቅርታ እንዳገኘሁ አወቅሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኮሪደሩ ጫፍ ቆመን ነርሷ ከባዱን አልጋ ስትገፋ አየን። ጎማው ሄደ፣ ተመለሰ። ወለሉ ላይ ምንም የለም። ዘይነባ «አልሐምዱሊላህ» ብላ እጄን ጨበጠችው። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ እፎይ አልኩ፤ ሳምንት ሙሉ እህል አልዋጥልኝ ብሎ ነበር፣ በዚያው ጠዋት ሁለት ዳቦ በላሁ።

ሥራውን ለምትጀምሩ የምለው አጭር ነው። የመጨረሻው ውሃ ምንም አይጨመርበት። ወለሉ ሲደርቅ በእርጥብ ጨርቅ እሹት፤ አረፋ ካወጣ እንደገና እጠቡ። ያበላሻችሁትንም ሌላ ሰው ሳይጠየቅበት ተናገሩ። እኔ ዘግይቼ ተናገርኩ፤ ደግነቱ ዘይነባ ገና ከበሩ አልወጣችም ነበር።