የእትዬ ቦሰና ሰርዶ

በ1973 ዓ.ም. ቀበሌያችን ከልደታ ማርያም በታች ወንዙ ዳር ያለችውን ቁራሽ መሬት ለእኛ ለሴቶች ማኅበር ሰጠን። የራሳችንን ጎመን ልንበላ! ደስታችንን አልቻልነውም። መሬቷ ግን ከእኛ በፊት በሰርዶ ተይዛ ነበር።

የቀበሌው ሊቀመንበራችን ጓድ ተክለጻድቅ ስለ ሰርዶ ምንም አያውቁም፤ መፈክር ግን ያውቃሉ። “በአካፋ ከታትፉት!” ብለው አዘዙ።

ጎረቤቴ እትዬ ቦሰና ሰላሌ ገበሬ ቤት ያደገች ናት። “ጓድ ሊቀመንበር፣ ይኼ ሣር በተቆረጠ ቁጥር ይራባል። ሥሩ ተለቅሞ መውጣት አለበት” ብትል ማን ይስማት? ከታተፍነው። በሦስተኛው ሳምንት እያንዳንዱ ቁራጭ በቅሎ መሬቷ ድፍን አረንጓዴ ሆነች። ጓድ ተክለጻድቅ “አሻጥር ነው!” አሉ። ሣሩን ማሰር ቢቻል ያስሩት ነበር። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪ እንደምትመጣ፣ መሬቷ ካልጸዳች ተነጥቀን መጋዘን እንደሚሠራባትም ነገሩን።

እኔ አለቀስኩ። ቦሰና ግን ሳቀች። “ለፋሲካ በግ የገዛ ሁሉ ሣር ቸግሮታል” አለችኝና ቤት ለቤት ዞረች። “ኑ፣ ሰርዶ በነጻ ውሰዱ! ቅጠሉን ብቻ ያጨደ ግን ወዮለት፤ ከነሥሩ ነው!”

ሰዉ ጎረፈ፤ ከተክለ ሃይማኖት ሰፈር ሳይቀር መጡ። የበልግ ዝናብ አፈሩን አርሶት ስለነበር በመቆፈሪያ ፈንቀል ሲያደርጉት ነጩ ሥር እየተሳበ ይወጣል። ቦሰና መውጫው ላይ ቆማ ሸክሙን ትፈትሻለች። ጡረተኛው መቶ አለቃ ሀብተ ማርያም ሥር አጉድለው ሁለት ጊዜ ተመለሱ። በሕማማት መሳቅ ነውር መሆኑን እናውቃለን፤ እግዜር ይቅር ይበለን፣ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። በጎቹም ሥሩ ታጥቦ ሲቀርብላቸው ቆረጣጠሙት።

ሐሙስ ጠዋት ተቆጣጣሪዋ ከቀጠሮዋ ቀድማ ደረሰች። ገና ከቦሰና ጋር መሬቷን መመልከት ስትጀምር ጓድ ተክለጻድቅ በወንዙ በኩል ብቅ አሉ። ዓመቱን ሙሉ “በዓል ኋላ ቀርነት ነው” ሲሉን የከረሙት ሰውዬ ሙክት እየጎተቱ! እንግዳዋን አላዩም። ተንበርክከው ሣር ፍለጋ አፈሩን በእጃቸው ይጭሩ ጀመር። ከዳር እስከ ዳር ዳከሩ።

“ጓድ ቦሰና! ለመድኃኒት እንኳ አንድ ሥር ይጠፋል?” ብለው ጮኹ።

ቦሰና ወደ ተቆጣጣሪዋ ዞረች።

“ጓድ፣ የሊቀመንበራችንን ቃል እንዳለ ይጻፉልን።”