ከአባንደን የጀመረ ጥናት

በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴ የእንግሊዝኛ ፈተና ወደቅሁ። ድጋሚ ፈተናውንም ከወደቅሁ ትምህርቴ እዚያው ያበቃል። ስለዚህ በእረፍቱ ሐይቅ ከተማ፣ ቤታችን ገብቼ ክፍሌን ዘግቼ ተቀመጥሁ። መምህራችን የሰጡንን የቃላት ዝርዝር በፊደል ተራ፣ እንግሊዝኛውን በቀይ፣ አማርኛውን በሰማያዊ፣ ለጥራት ስል በወረቀቱ አንድ ፊት ብቻ ገለበጥሁት።

የማውቀው የማጥኛ ዘዴ አንድ ብቻ ነው። ልጅ ሳለሁ የኔታ ዘንድ ዳዊት የደገምሁት በዜማ፣ በተራው፣ እየተወዛወዝሁ ነበር። ይህንንም እንዲሁ ያዝሁት። «አባንደን፣ መተው፤ አቢሊቲ፣ ችሎታ...» በሦስተኛው ሳምንት ደብተሩን ዘግቼ እስከ መጨረሻው ወረድሁት። እናቴ ከደጅ ሰምታ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ፈተናው ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ስምንተኛ ክፍል የምትማረው እኅቴ ደብተሩን ወስዳ ከመሃል ገለጠች።

«ጋሼ፣ ሃርቨስት ምንድን ነው?»

በሆዴ ከኤች መጀመሪያ ተነሥቼ እየወረድሁ ነበር።

«ኧረ ቶሎ በል!»

«ቆይ፣ እየመጣሁ ነው።»

«ከየት? ከወልድያ?» ብላ ሳቀች።

«አዝመራ መሰብሰብ!» አልሁ በስንት መከራ።

«እሺ፣ ሻሎው?»

ኤስ ላይ ስደርስ ዜማው ተሰበረብኝ። እንደገና ከአባንደን ጀመርሁ። እሷም ሳቋን አቆመች።

«ፈተናው ላይም እንዲህ ልታደርግ ነው?»

ተነሥታ መቀስ አመጣች። «ቆራርጠን እንቀላቅለው።»

«እንዳትነኪው!» ብዬ ጮኽሁ። እናቴ ደንግጣ ገባች።

«ምን ሆናችኋል?»

«እማዬ፣ ሁሉንም ያውቀዋል፤ ግን ስጠይቀው አያገኘውም።»

እናቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ ደብተሩን አየች። ከዚያ ወጣች። አስተያየቷ ከጩኸት በላይ ከበደኝ። መቀሱን ተቀብዬ የሦስት ሳምንት ድካሜን ራሴ ቆረጥሁት።

እኅቴ ቁርጥራጩን ሰፌድ ላይ ቀላቅላ አንድ አንድ እያወጣች ጠየቀችኝ። የመጀመሪያውን አላወቅሁትም። ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ሻሎው ነበር።

«ሐይቁ ዳር ልብስ የምናጥብበትን አስብ» አለችኝ፤ «ውሃው ቁርጭምጭሚት አያልፍም። ሻሎው ማለት እሱ ነው።»

ይኼኛው ያለ ዜማ ገባኝ። ሰፌዱ ግን ገና ሙሉ ነበር፤ ለያንዳንዷ ቃል እንዲህ ያለ ቦታ ልፈልግ፣ በሦስት ቀን።

«ሌላ አውጪ» አልኋት። አወጣች። እሱንም አላወቅሁትም።