ጠሪው ሳይዘጋ

አክስቴ ያን ቀን ስልኩን ለምን አልዘጋችውም? ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ መልሱን ግን አላገኘሁትም። እሷን ስጠይቃት «ልማድ ነው» ትለኛለች። እንዳላምናት ደግሞ ታላቅ እህቷ፣ ማለትም እናቴ፣ ደውላ ነገር ስታበዛባት «እሺ፣ በቃ» ብላ ጆሮዋ ላይ ስትዘጋባት ስንቴ አይቻለሁ። ልማድ አይደለም እንዳልል ደግሞ ሆን ብላ አዳመጠች ማለት ይሆንብኛል፤ አክስቴ የሰው ወሬ በበር ቀዳዳ የምትለቅም ሴት አይደለችም።

አክስቴ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል የስልክ ኦፕሬተር ነበረች፤ የሌሊት ተረኛ። ክፍሏ ምድር ቤት ነበር፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ፣ መስኮት የሌለው። ግድግዳው በእንፋሎት ስለሚረጥብ የቀን መቁጠሪያው ጫፉ ሁልጊዜ እንደተጠቀለለ ነው። እዚያ ተቀምጣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ከውጭ የሚደውለውን ከሐኪም፣ ከዋርድ፣ ከድንገተኛ ክፍል ታገናኛለች። ያሠለጠነቻት አለቃ በመጀመሪያው ቀን የነገረቻት አንድ ደንብ ነበር፦ ጠሪው ሳይዘጋ ኦፕሬተር አይዘጋም። «ቀድማ የዘጋች እጇ ይቆረጣል» ብላ አስፈራርታት ነበር አሉ። አክስቴ ይህን ስትነግረኝ እጇን ዘርግታ አየችው፣ አለመቆረጡን ለማረጋገጥ ያህል።

ከዚያ ሆስፒታሉ ስልክ የሚያነሳ ማሽን አስገባ። ለድንገተኛ ክፍል አንድን ይጫኑ፣ ለቀጠሮ ሁለትን ይጫኑ የሚል። አክስቴን አመስግነው አሰናበቷት። ያን ዕለት ጠዋት እንደ ወትሮው እኔና እሷ ወደምንኖርበት ቤት መጣች፣ ጫማዋን በሩ ሥር አወለቀች፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሌሊት ቤት ነኝ» አለችኝና ድንች መላጥ ጀመረች። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። እኔም ሁለተኛ ቢላዋ ፈልጌ አብሬያት ላጥኩ። ለሁለት ሰው የሚበዛ ድንች ላጥን።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ጠፋ። ሌሊት መተኛት አልለመደችም፤ ቀን የምትተኛበት ምክንያት ደግሞ የላትም። አልጋዋ ላይ ዓይኗን ገልጣ ትጋደማለች። «ተኛሽ?» ስላት «ጋደም ብያለሁ» ትለኛለች፣ ለሐኪም እንደምትመልስ ሁሉ።

እናቴ በበኩሏ ነገሩን ቆርጣለች። እስከ ወሩ መጨረሻ ሥራ ካልተገኘ አክስቴ ቤቱን ለቃ እሷ ዘንድ ትገባለች፣ ከልብስ ስፌት መኪናው ጎን አልጋ ይዘረጋላታል። አክስቴ እነዚህን ሁለት ክፍሎች የያዘችው በገዛ ሥራዋ ነው። ለማንም ሳትነግር ስትገባ፣ ለማንም ሳትነግር ስትወጣ የኖረች ሴት ናት። እህት ቤት መግባት ለሌላው ማረፊያ ሊሆን ይችላል፤ ለእሷ ግን በልጅነቷ ጥላው ወደ ወጣችው አልጋ መመለስ ነው። ይህን አፍ አውጥታ አልተናገረችም። ግን እናቴ በደወለች ቁጥር ስልኩ የሚዘጋው ቶሎ ነበር።

ሥራ ፍለጋውን የጀመረችው በምታውቀው መንገድ ነው፤ የክት ልብሷን ለብሳ፣ ማስረጃዎቿን በፌስታል ይዛ፣ በር እያንኳኳች። የመጀመሪያው መሥሪያ ቤት ዘበኛ ከሩቅ አይቷት «እማማ፣ አሁን ሁሉም በኢንተርኔት ነው» ብሎ መለሳት።

«በሩ በኢንተርኔት መሆኑን አላውቅም ነበር» አለችኝ ስትመለስ። «እማማ ያለኝ ግን እኩያዬ ነው።»

ማመልከቻውን እኔ በስልኬ መላክ ጀመርኩ። ምክሩን ደግሞ ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ተረከበው። ሰፈሩ «ምክር ቤት» ይለዋል፤ ደንበኛው ፀጉር ሲያልቅበት እሱ ምክር አያልቅበትም። አንድ ቀን አክስቴ በበሩ ስታልፍ ምላጩን እንደያዘ ጠራት።

«እመቤቴ፣ ዘመኑ ተለውጧል። ሥራ ፈላጊ ማለት ነጋዴ ነው፤ ሸቀጡም ራሱ ነው። ራስሽን መሸጥ ልመጂ!»

«በስተርጅና?» አለች አክስቴ ሳትስቅ።

ወንበሩ ላይ የነበረው ሰው ሳቁ አመለጠው። ምላጩ አንገቱ ላይ ስለነበር ምክር ቤት «አትነቃነቅ አንተ!» ብሎ ጮኸበትና ወደ እሷ ዞረ።

«ዕድሜሽን ይቅርታ እንዳትጠይቂበት። ሲጠይቁሽ ደግሞ አዎ፣ አይደለም ብለሽ አትቁሚ። ታታሪ ነኝ፣ ታማኝ ነኝ ማለትም ዋጋ የለውም፤ ሰነፍ ነኝ ብሎ የሚያመለክት አይቼ አላውቅም። ይልቅ አንድ ታሪክ ያዢ። የገጠመሽን፣ ያደረግሽውን፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ። ሰው ታሪክ ነው የሚያስታውሰው።»

«እሺ።»

«በስልክ እንኳ ቢጠይቁሽ ጫማ አድርጊ። ነጠላ ጫማ ያደረገ ሰው ድምፁም ነጠላ ጫማ ያደርጋል።»

«ለመሆኑ አንተ ስንት ጊዜ ተቀጥረህ ታውቃለህ?»

«አንዴም አላውቅ! ለዚህ እኮ ነው ምክሩ ሳይነካ የተቀመጠው።»

ማመልከቻ ከላክንባቸው ብዙዎቹ ዝም አሉ። መልስ የሰጠው አንድ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ድርጅት ብቻ ነበር። እነሱም ማሽን አላቸው። ግን ሻንጣው የጠፋበት፣ አውቶቡስ ያመለጠው፣ ቁጥር እየተጫነ የሰለቸው መንገደኛ መጨረሻ ላይ ሰው ይፈልጋል። ማሽኑ ያቃተውን የሚቀበል ሰው ነበር የሚፈልጉት። መጀመሪያ በስልክ ቃለ መጠይቅ እናድርግ አሉ።

በቀጠሮው ቀን ጥቁር ጫማዋን አደረገች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ድምፁን ከፍ አደረግሁላት፣ እኔም እንድሰማ። የደወሉት ሁለት ነበሩ፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት። ጠያቂው ሰውየው ነው።

«እስቲ የሥራ ልምድዎን ይንገሩን።»

«የሆስፒታል የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ።»

«እዚያ ምን ምን ይሠሩ ነበር?»

«ሰውን ከሰው አገናኝ ነበር።»

«የተቆጣ ደንበኛ ቢደውልልዎትስ?»

«አገናኘዋለሁ።»

«ከማን ጋር?»

«ከሚፈልገው ጋር።»

እኔ ከጎን ሆኜ በእጄ «ታሪክ! ታሪክ!» እላለሁ። እጄን እንደ ዝንብ አየችው። ድምፅዋ ያው ለስላሳው፣ ልክ የሆነው፣ የማይሞቀውና የማይቀዘቅዘው የሥራ ድምፅዋ ነበር። ጥያቄው ቶሎ አለቀ። ውጤቱን ደውለን እናሳውቅዎታለን አሏት። አመስግና ጠበቀች።

ስልኩ ግን አልተዘጋም። ወዲያ ማዶ ወንበር ተንቋቋ፣ ወረቀት ተገለበጠ። ልዘጋው እጄን ስሰድ አክስቴ አንጓዬን ያዘችኝ።

«ድምፅዋ ደስ አይልም?» አለች ሴትየዋ፣ ለሰውየው።

«ድምፅማ ማሽናችንም አለው። እኔ ከግድግዳ ጋር ነው ያወራሁት። ለጠየቅኳት ብቻ መለሰች፣ አበቃ። ይችን ሴት ከማሽኑ የሚለያት ምንድን ነው?»

«ፈርታ ይሆናል እኮ።»

«የፈራ ሰው ይንተባተባል። የሚቀጥለውን ጥሪልኝ።»

አክስቴ አልተንቀሳቀሰችም። ፊቷን አየሁት፤ ምንም የለበትም። ወዲያው ሴትየዋ «ውይ! አልተዘጋም እኮ!» ስትል ተሰማ።

«ሃሎ? አሉ እንዴ?» አለ ሰውየው።

«አለሁ።»

«እ... ያልነውን ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ። እንዳልሰማሁ ይቁጠሩት፤ ሥራዬ እንደዚያ ነበር።»

«በጣም ይቅርታ። ግን ለምን አልዘጉትም?»

«የደወሉት እርስዎ ነዎት። ጠሪው ሳይዘጋ እኔ አልዘጋም።»

«ለምን?» አለች ሴትየዋ። ይህ ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነበር፤ ለመጠየቅ ያህል የተጠየቀ አልነበረም።

አክስቴም ስለተጠየቀች መለሰች። አንድ ሌሊት አንድ ሰው ደወለ አለች። ከዋርድ አገናኘችው፣ ነርሷ መርዶውን ነገረችውና መስመሩ ተመልሶ ወደ እሷ መጣ። ሰውየው አልዘጋም። አይናገርም፣ አያለቅስም፤ ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። ስልኩን ካስቀመጠው ነገሩ እውነት የሚሆንበት መስሎት ይመስለኛል አለች። እሷም መስመሩን አልለቀቀችም። በሌሎቹ መስመሮች ጥሪ ታስተናግዳለች፣ ትመለሳለች፣ «አለሁ» ትለዋለች፣ ደግሞ ወደ ሌላው ትሄዳለች። ጠዋት የማጠቢያ ቤቱ ሠራተኞች ሲገቡ ሰውየው «እሺ» አለና ራሱ ዘጋው።

«ከዚያስ?» አለች ሴትየዋ።

«ከዚያ ተረካቢዬ መጣች፤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።» ደግሞ ጨመረች፦ «ከማሽኑ የሚለያት ምንድን ነው ብለው ነበር። ሆስፒታል ያስገቡት ማሽን ዝም ያለ ሰው ላይ ይዘጋል። ደውዬ ሞክሬዋለሁ።»

ሰውየው እንደውላለን አለ፣ ደግሞ አመሰገነ፣ ደግሞ ይቅርታ ጠየቀ። በመጨረሻ ዘጋው። አክስቴ አንጓዬን ለቀቀችው።

«ይህን መጀመሪያ ለምን አልነገርሻቸውም?» አልኳት።

«አልጠየቁኝማ።»

ምክር ቤት ወሬውን ሲሰማ መቀሱን አስቀምጦ ራሱን ያዘ። «ይህን የመሰለ ታሪክ ታቅፋ! እኔ ደግሞ ጫማ እላታለሁ!» ማታ እናቴ ደወለች፤ አልጋው ተዘርግቷል፣ አንሶላው ታጥቧል አለች። አክስቴ «እሺ፣ በቃ» ብላ ዘጋችባት። የወሩ መጨረሻ ቀርቦ ነበር፤ ልብሶቿን አጣጥፋ ወንበር ላይ ደርድራለች፤ ሻንጣ ውስጥ ግን አላስገባቻቸውም።

በማግስቱ ጠዋት ጫማዋን አድርጋ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። መቼ እንዳደረገችው አላውቅም። ስልኩ ሲጮህ አላጣደፋትም፤ ሁለቴ አስጮኸችውና አነሳች። ሴትየዋ ነበረች። ለሙከራ ጊዜ ወስደንዎታል፣ የቀን ፈረቃ ነው፣ ሰኞ ይጀምራሉ፣ የሚቀበሉት ከማሽኑ ጋር ተጣልቶ የመጣውን መንገደኛ ነው አለቻት።

«እሺ» አለች አክስቴ። ድንች የላጥን ቀን የነበረው ድምፅ ራሱ ነው። እኔ ከመቀመጫዬ ተነስቼ ነበር፤ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ እንደ ደንቡ ጠበቀች። ሴትየዋም አልዘጋችም።

«አሉ?» አለች ሴትየዋ።

«አለሁ።»

«ይዝጉት እንግዲህ፣ እኔ እጠብቃለሁ።»

«አይሆንም፤ የደወሉት እርስዎ ነዎት።»

«ግድ የለም፣ ይቅደሙ እባክዎ።»

በር ላይ እንደተገናኙ ሁለት ጨዋዎች ቆሙ። አክስቴ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና አየችው። ቀኝ እጇንም አየችው። ከዚያ በአውራ ጣቷ ዘጋችው።

ስልኩን ወንበሩ ላይ ከደረደረቻቸው ልብሶች በላይ አስቀመጠች። «ለእናትህ አንሶላውን ትጠፈው በልልኝ» አለችና ጫማዋን እንዳደረገች ጋደም አለች። ውጭ የምክር ቤት መቀስ ይሰማል፤ ፀሐይዋ ግማሽ አልጋው ድረስ ገብታለች። መጋረጃውን ልስበው ስነሳ «ተኛሽ?» አልኳት። አልመለሰችልኝም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር።