ዲሽ አዟሪው ኪሮስ

ጭሮ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ሁሉ ኪሮስን ያውቀዋል፤ ዲሽ የሚያዞረው እሱ ነው። ከገለምሶ እስከ መቻራ በሚኒባስ ሲንገላታ የኖረ፣ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ «መጣ?» እያለ ሲጮህ ጉልምስናውን የጨረሰ ሰው ነው። ሙያውን የሚነቅፍ የለም። ቅናቱን ግን እኔ ጎረቤቱ ልንገራችሁ። ሌላዋ ጎረቤታችን የሺሐረግ «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብላ ጸልያ እንደሆነ፣ ፈጣሪ ሩቅ አልላካትም፤ አጥሯ ሥር ሰጥቷታል።

ነገሩ የጀመረው ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ነው። ዳግማዊ የሚባል የሙዚቃ መምህር ከአዲስ አበባ ተመድቦ ሲመጣ አንድ ቫዮሊን ይዞ መጣ። የኪሮስ ልጅ ሚካልና የየሺሐረግ ልጅ ዮሐና በዚያው በአንዱ ቫዮሊን እየተፈራረቁ ተማሩ። ማንኛዋ እንደምትበልጥ እኛ ሰፈርተኞቹ አናውቅም፤ ለእኛ ጆሮ ሁለቱም ሲጢጥ የሚል ዘይት ያጣ በር ይመስሉ ነበር። በኋላ ለአንድ ልጅ ብቻ ውጭ አገር የነጻ ትምህርት ዕድል ሲገኝ፣ መምህሩ የዮሐናን ስም ላከ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የኪሮስ አንጀት አረረ። የሺሐረግ በስልኳ የልጇን ፎቶ ስታሳየው «ከስታለች» ይላል። «በረዶ ውስጥ ቆማ እኮ ነው» ስትለው፣ «ታዲያ ብርዱ ሊገድላት ነው» ይላታል። ሚካል አድጋ ከእሱ ጋር ዲሽ መሥራት ስትጀምር ደግሞ ባሰበት። ላገኘው ሰው ሁሉ «ልጄን ቀሟት» ይል ነበር። ሚካል ራሷ ምን እንደምትል ግን የጠየቃት የለም፤ አባቷም ቢሆን።

ዘንድሮ ዮሐና ለወጣት የክላሲካል ሙዚቀኞች በሚደረግ ዓለም አቀፍ ውድድር ለፍጻሜ ደረሰች። በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፋል ተባለ። የሺሐረግ ከደስታዋ ብዛት ሰፈሩን ሁሉ ቤቷ ጠራች። ችግሩ፣ ጣቢያው እኛ በምናየው ሳተላይት ላይ የለም፤ ዲሹ መዞር አለበት።

«ኪሮስ ወንድሜ፣ ያንተም ልጅ ናት እኮ። ዓይንህ እያየ ያደገች ናት» አለችው።

«የእኔ ልጅ ሚካል ናት» ሊላት አማረው። ግን ሰው ምን ይለኛል ብሎ «እሺ» አለ።

እሑድ ከሰዓት ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ጫት ሻጯ ኩብራ እንኳ መደቧን ለእህቷ ትታ መጥታ ነበር። ኪሮስ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ሚካል ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች።

«መጣ?»

«አልመጣም! ትንሽ ወደ ገለምሶ!»

«አሁንስ?»

«መጣ! አባዬ፣ እንዳትነካው!»

የዲሹ ብሎን ጥርሱ ስላለቀ አልጠብቅ አለ። ስለዚህ ኪሮስ በእጁ ደግፎ መቆየት ነበረበት። ከታች ጭብጨባ ሰማ። «ያቻት ዮሐና!» ተባለ። ኩብራ «ማሻአላህ! ኢንተላ ቴኛ! ልጃችን!» እያለች ትጮሃለች። ከዚያ ቤቱ ጸጥ አለና ቫዮሊኑ ተሰማ። ኪሮስ ከላይ ሆኖ ከዲሹ ጀርባ በቀር የሚያየው የለም። ያ ጭብጨባ የልጄ ነበር አለ በልቡ፤ ያ መድረክ፣ ያ ቀሚስ የልጄ ነበር። ዲሹንም ገፋ አደረገው፤ በጣም ትንሽ ነው የገፋው።

ቤቱ በጩኸት ተናጋ። «ጠፋ! ኧረ ጠፋ!»

«ነፋስ ነው!» አለ ኪሮስ።

ሚካል መሰላሉን እየሮጠች ወጣች። አባቷን አየችው፤ ከአጥሩ ዳር ያለውን ባሕር ዛፍም አየች። ቅጠሉ አይነቃነቅም።

«የምን ነፋስ ነው፣ አባዬ?» አለችው ቀስ ብላ።

መልሱን አልጠበቀችም። ዲሹን ከእጁ ተቀብላ ራሷ መለሰችው፤ ከታች እልልታው ቀለጠ።

«አንተ ውረድ። እኔ እይዘዋለሁ።»

ወረደ። የሺሐረግ እጁን ይዛ የራሷ ወንበር ላይ፣ ከፊት አስቀመጠችው። «ለእኔ ብለህ በፀሐይ ተቃጠልክ፤ ተባረክ» አለችው እንባዋን እየጠረገች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

ዮሐና ተጫውታ ስትጨርስ ቤቱ በጭብጨባ ሲደባለቅ፣ ኪሮስ ከሁሉ ቀድሞ ወደ ደጅ ወጣ። ሚካል ጣሪያው ላይ እንደቆመች ናት። በቀኝ እጇ ዲሹን ይዛለች፤ የግራ እጇ ጣቶች ደግሞ የቫዮሊን ክር የሚጫኑ ይመስል በብረቱ ዘንግ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ ሙዚቃው ካለቀም በኋላ አላቆሙም።

«አየሃት አይደል አባዬ?» አለችው። ፊቷ በርቷል። «ዓይኗን ጨፍና ነው የተጫወተችው? ድሮ ከባዱ ቦታ ላይ ስትደርስ ትጨፍን ነበር፤ እኔ እስቅባት ነበር። ንገረኝ እንጂ!»

ኪሮስ ቀና ብሎ አያት። ምን ብሎ ይንገራት? ከተቀመጠ ጀምሮ ሲያይ የነበረው ወለሉን ነው።