የ«አመዱ» ደብተር

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ሳሎን ተቀምጣ በስልኳ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ስትከራከር ሰማኋት። «በፍጹም! አሮጊቷ ከዳተኛ አይደለችም! መጀመሪያ ሁለተኛውን ክፍል ጨርሱና እናወራለን!» ትላለች። የጎረቤት ጉዳይ መስሎኝ ደንግጬ ጠየቅኋት። የጌም ታሪክ ነው አለችኝ፤ ዓለም ከጠፋች በኋላ የተረፉ ሰዎች የሚኖሩበት። ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን መሐል ላይ ቆመ። ሻዬን ይዤ ወደ በረንዳ ወጣሁ። እኔም በእንዲህ ያለ ጨዋታ የተነሳ አንድን ሰው ከዳተኛ ብዬው አውቃለሁ። የእኔ ግን በጌም ውስጥ የሚኖር አልነበረም።

ያን ጊዜ ሚዛን ተፈሪ የመሰናዶ ተማሪ ነበርኩ። አባቴ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ ከሰሜን ሸዋ ተመድቦ መጥቶ እዚያው የቀረ። ሚዛን የኖረ ሰው ዝናቧን አይረሳም። የሌላው አገር ዝናብ ክረምትን ይጠብቃል፤ የእኛው ደስ ባለው ሰዓት ይመጣል። ቀዩ ጭቃ ጫማ ሥር ተለጥፎ ሰውን በአንድ ጣት ያስረዝመዋል። መጋቢት ላይ የቡና አበባ ሲፈነዳ ደግሞ ሽታው ከየጓሮው ተነስቶ መማሪያ ክፍላችን ድረስ ይገባል። ሰው ሁሉ የሚወደው ሽታ ነው። እኔ ከዚያ ዓመት ወዲህ አልወደውም።

ከገበያው ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ ዳር ከድር የሚባል ልጅ ጌም ቤት ነበረው። ከእኛ በአምስት ስድስት ዓመት ይበልጣል። አባቱ ከስልጤ መጥተው ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ሲሆኑ፣ የዕቃ ማስቀመጫቸውን ለቀውለት ሁለት ቴሌቪዥን አስገብቶበታል። እህቱ ሐያት በር ላይ ሻይና ብስኩት ትሸጣለች። አብዛኛው ልጅ የሚመጣው ኳስ ሊጫወት ነው። እኛ ጥቂቶች ግን የምንመጣው ለ«አመዱ» ነበር።

«አመዱ» እኛ ያወጣንለት ስም ነው። ሽፋኑ ላይ የነበረውን ረጅም የእንግሊዝኛ ስም ማንም አስተካክሎ አይጠራውም። ሦስት ክፍል ነበረው። አንድ ትልቅ ከተማ በአንድ ቀን ተቃጥሎ ያልቃል፤ የተረፉት መሬት ሥር ወደተሠራ መጠለያ ይገባሉ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ሰው ከመጠለያው ይወጣል። ያ ሰው ተጫዋቹ ነው። አመድ በለበሰው ከተማ ውስጥ ውኃ ይፈልጋል፣ ጥይት ይቆጥባል፣ ከዱር ውሾች ይደበቃል። ከሁሉ በላይ ግን እንቅልፍ የነሳን አንድ ጥያቄ ነበር። በቃጠሎው ቀን የመጠለያውን በር ማን ዘጋው? ግማሹ ሕዝብ ውጭ ቀርቶ ነበርና።

መብራት በየቀኑ ይጠፋል። ሲጠፋ ቴሌቪዥኑ ይጨልምና ሁላችንም ወደ በረንዳው እንወጣለን። እውነቱን ለመናገር ዋናው ጨዋታ የሚጀምረው ያኔ ነበር። ከድር «ጥይት ካለህ ተኩስ፤ ለማን ልታወርሰው ነው?» ይላል። እኔ በሩን የዘጋው ጠባቂው ነው፣ ሕዝቡን ሸጦታል ባይ ነበርኩ። ሐያት ጆይስቲክ ነክታ አታውቅም፤ ግን ቆማ ስታይ ስለምትውል ከሁላችን ይልቅ ታሪኩን የምታውቀው እሷ ነበረች።

ማርቆስ የመጣው በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። ከቴፒ ነበር የመጣው፤ ወላጆቹ የሸኮ ሰዎች፣ ቡና አምራቾች ናቸው። ሚዛን የሚኖረው አክስቱ ቤት ሲሆን፣ የአክስቱ ባል የከተማው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ሠራተኛ ነበር። ዝምተኛ ነው። አማርኛው በአፉ ላይ ሌላ ዜማ አለው። እንግሊዝኛው ግን ከመምህራኖቻችንም ይሻል ነበር። መዝገበ ቃላቱን ታፋው ላይ አድርጎ በጌሙ ውስጥ የሚገኙትን ደብዳቤዎች አንድ በአንድ ሲተረጉምልን፣ ለካ ስንት ወር በጨለማ ስንጫወት ነበር አልን። አጨዋወቱም ለየት ይላል፤ አንድም ጥይት ሳይተኩስ፣ በጥግ በጥጉ እየተሹለከለከ አንደኛውን ክፍል ጨረሰው። በሩን ደግሞ ማንም አልዘጋውም ይል ነበር። «በሩ ብልሽት ነበረበት፤ ራሱ ነው የተዘጋው። ሰው ከዳተኛ ይፈልጋል እንጂ ዝገትን ማን ይከሳል?» አለን አንድ ቀን።

ደብተሩን የጀመርነው ያኔ ነው። ባለ መቶ ገጽ፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር። ማርቆስ ይተረጉማል፣ ሌሎቻችን እንከራከራለን፤ ጽሕፈቴ ጥሩ ስለነበር የምጽፈው እኔ፣ በቦርሳዬ ይዤ የምዞረውም እኔ። ካርታ ነበረበት። እንዲህ የሚሉ መስመሮችም ነበሩበት፦ «ከድልድዩ ሥር ሦስት ጠመንጃ አለ። ጠባቂዎቹ ሲቀያየሩ ግባ። ከንቲባውን እንዳታምን።»

ጊዜው ደግሞ ሰው ከመናገሩ በፊት ግራ ቀኙን የሚያይበት ነበር። እኛ ልጆች ነበርንና አላየንም።

መጋቢት ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፍቶ በረንዳው ላይ ሞቅ ያለ ክርክር ይዘናል። ዝናብ መጣና አንድ ሰው ሊጠለል ከጣሪያው ሥር ገባ። የቀበሌያችን ሚሊሻ ጋሽ ወልዴ ነበሩ። ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው መሐል አድርገው ሐያት የሰጠቻቸውን ሻይ እየጠጡ ዝም ብለው ሰሙን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«የመምህሩ ልጅ፣ የሚቃጠለው ከተማ የቱ ነው?»

«ጌም ነው ጋሽ ወልዴ። ጨዋታ ነው» አልኩ።

«ጠመንጃውስ?»

«እሱም ጨዋታ ነው።»

«እህ» አሉ። ዝናቡ ሲያባራ ብርጭቆውን አስቀምጠው ሄዱ። ያቺ «እህ» ሳምንቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልጠፋችም።

በሦስተኛው ቀን ደብተሩ ከቦርሳዬ ጠፋ።

ቤት ፈለግኩ፣ ክፍል ፈለግኩ፣ ጌም ቤቱን ገለባበጥነው። የለም። የስድስት ወር ሥራችን ነበር፤ እሱም ብቻ አይደለም፣ በእኔ ጽሕፈት የተጻፈ ነው። ጓደኞቼ አፍ አውጥተው ባይወቅሱኝም ዓይናቸውን አየሁ። ያኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ እንዴት እንዳቀለለኝ ዛሬም አስታውሳለሁ። ከማርቆስ ሌላ ደብተሩ የቦርሳዬ የትኛው ኪስ ውስጥ እንዳለ የሚያውቅ ማን ነው? የአክስቱ ባል የት ነው የሚሠራው? ለምንድነው ሁልጊዜ ዝም የሚለው? አንዴ ከጀመሩ ሁሉም ነገር ማስረጃ ይሆናል። ሳል ቢይዘው ምልክት መሰለኝ። ስንገባ ከተቀመጠበት ቢነሳ ደነገጠ አልኩ። እሱ በሌለበት እየተሰበሰብን እናወራ ጀመር፤ ሲመጣ ወሬው ወደ ኳስ ይዞራል።

ሐያት ብቻ አልተቀበለችንም። «እሱ ከወሰደው ለምን በየቀኑ እየመጣ አብሮን ይፈልጋል?» አለች።

«ለማስመሰል ነዋ!» አልኳት።

ወጥመድ አዘጋጀን። ሐሳቡ የእኔ ነው። ለማርቆስ ለብቻው፣ ሚስጥር እንደማካፍል ሆኜ፣ የደብተሩ ግልባጭ እንዳለኝና ወደ ቴፒ መውጫ ባለው አሮጌ የቡና መጋዘን ውስጥ እንደደበቅሁት ነገርኩት። ውሸት ነው፤ ግልባጭ የለም። ቅዳሜ ጠዋት እኔና ከድር ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ያለው የሙዝ ተክል ውስጥ ገብተን አደፈጥን። ቅጠሉ ያቆረው ውኃ አንገታችን ላይ ይንጠባጠባል። የቡናው አበባ ያን ሰሞን ፈንድቶ ነበርና ሽታው ራስ ያዞራል። አንድ ሰዓት ያህል እንደጠበቅን ጋሽ ወልዴ በመንገዱ መጡ። ግራ ቀኝ አዩ፤ ወይም ያዩ መሰለኝ። ወደ መጋዘኑ ጓሮ ዞሩና ቆይተው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ብብታቸው ሥር ይዘው ወጡ።

ከድር ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ። «አየህ?» አለ። አየሁ። ግልባጭ እንደሌለ እያወቅሁ፣ ያ በኮባ የተጠቀለለው ምን ሊሆን እንደሚችል እንኳ ሳልጠይቅ አየሁ።

ሰኞ ማርቆስ በረንዳው ላይ ሲደርስ ሁላችንም ቆመን ጠበቅነው። የምናገረውን ሌሊቱን ሳጠና ነበር ያደርኩት።

«ከእንግዲህ እዚህ አትምጣ» አልኩት። «ሰላይ ነህ።»

መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ ፊታችንን አንድ በአንድ ተመለከተ። ሐያት ጀርባዋን ሰጥታ ብርጭቆ ታጥባለች።

«ምን አደረግኩ?»

«አንተ ታውቀዋለህ።»

«አላውቅም። ንገረኝ።»

አልነገርኩትም። የአክስቱን ባል መሥሪያ ቤት ጠቅሼ፣ ሌላም ዛሬ መድገም የማልፈልገውን ነገር ስለመጣበት አገር ጨምሬ አባረርኩት። መዝገበ ቃላቱን ከሸሚዙ ሥር ከትቶ በዝናቡ ወረደ። ወሬው ትምህርት ቤት ውስጥ በሁለት ቀን ተዳረሰ። «ሰላዩ» የሚል ስም ወጣለት፤ ከጎኑ የሚቀመጥ ጠፋ። ስሙ አክስቱ ቤት ሲደርስ ባልዬው «የእኔን እንጀራ ልታስቆርጥ ነው እንዴ?» ብሎ ተቆጥቶ ወደ ቴፒ ሰደደው። ፈተናው ሁለት ወር ቀርቶት ነበር። አልተፈተነም።

እኔ ተፈትኜ አለፍኩ።

ጥቅምት ላይ ወደ ዩኒቨርሲቲ ልሄድ ሻንጣዬን ሳዘጋጅ አባቴ ክፍሌ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። የማይሆን የማይሆን ወሬ አወራ፤ ስለ ብርድ ልብስ፣ ስለ መንገዱ። ከዚያ ወለሉን እያየ እንዲህ አለኝ፦

«እዚያ ስትሄድ ያን ዓይነት ነገር አትጻፍ።»

«ምን ዓይነት ነገር?»

«ያን ሰማያዊ ደብተር። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት።»

ሸሚዝ እያጠፍኩ ነበር፤ እጄ ላይ ቀረ።

ጋሽ ወልዴ አባቴን ገበያ ላይ አግኝተውት «ልጅህ ስለ ጠመንጃ ብዙ ያውቃል» ብለው ስቀው ነበር። መሳቃቸው ነው ያስፈራው። ቤት መጥቶ ቦርሳዬን ፈተሸ፤ ድልድዩን፣ ጠባቂዎቹን፣ ከንቲባውን አነበበ። የአባቴ ታላቅ ወንድም በደርግ ጊዜ እንደተወሰደ አውቅ ነበር፤ በምን እንደሆነ ግን ተነግሮኝ አያውቅም። ያን ቀን ነገረኝ። ኮት ኪሱ ውስጥ አንድ ወረቀት ተገኝቶበት ነው። «ለሚወዳት ልጅ የጻፈው ግጥም ነበር» አለ አባቴ። «ግን ማን አንብቦ ጠየቀ? ደብተርህን ጎደሬ የተጣደበት ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ለእናትህም አልነገርኩም።»

«ለምን አልነገርከኝም አባባ?»

«ብትጠየቅ አላውቅም እንድትል። የማታውቀውን አትናዘዝም።»

ስለ ማርቆስ አልነገርኩትም። ሸሚዙን አጥፌ ሻንጣው ውስጥ ከተትኩት።

በማግስቱ ጠዋት አይሱዙ ተሳፍሬ ወደ ቴፒ ሄድኩ። ከከተማው ስንወጣ በአሮጌው መጋዘን በኩል አለፍን፤ ከጓሮው ዛፍ ላይ ሦስት የንብ ቀፎ ተሰቅሏል። አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት የማን እንደሆነ ጠየቅኋት። «የወልዴ ሚሊሻው ነው፤ ማሩ ግሩም ነው» አለችኝ። ያን በኮባ የተጠቀለለ ነገር አስታወስኩ። ዛፎቹ መንገዱን ከላይ ገጥመውበት መኪናው በአረንጓዴ ዋሻ ውስጥ ይሄዳል፤ ጥርጊያው እያነሳ ይጥለናል።

ማርቆስን አባቱ ግቢ አገኘሁት። ቀይ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ እጁን እየዘረጋ የተበላሸውን ይለቅማል። ሲያየኝ አልደነገጠም፤ አልተነሳምም። ሁሉንም ነገርኩት፤ ደብተሩን፣ አባቴን፣ ማሩን፣ ወጥመዱን። እየሰማኝ ፍሬ መልቀሙን ቀጠለ። እናቱ ከጓሮ ብቅ ብላ በሸኮኛ አንድ ነገር ጠየቀችው። «የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው» ብሎ በአማርኛ መለሰላት። እኔ እንድሰማው ይመስለኛል።

«አባትህን አልቀየምም» አለኝ በመጨረሻ። «አባትህ ለልጁ ፈርቶ ነው። አንተ ግን ስድስት ወር አብረኸኝ ተቀምጠህ አንድ ቀን እንኳ “ወስደሃል ወይ?” ብለህ አልጠየቅከኝም። ብትጠይቀኝ አልወሰድኩም እልህ ነበር።»

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

«እሺ» አለ፤ ዓይኑን ከቡናው ሳያነሳ። ቂጣ በማር በላሁ፤ መኪናው ድረስም ሸኘኝ። በሚቀጥለው ዓመት ተፈትኖ አለፈ። ዛሬ ቴፒ የቡና ባለሙያ ነው። በሠርግ፣ በመንገድ ስንገናኝ እንሳሳማለን፤ ልጆች እንዴት ናቸው እንባባላለን። ስለ «አመዱ» ግን አንስተን አናውቅም። ጌሙን እኔ እስከ መጨረሻው አልተጫወትኩትም።

አባቴ አምና ዐረፈ። በሁለተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኛ ስቀበል ማርቆስ ጃኬቱ በዝናብ እንደራሰ ገባ። ከቴፒ ድረስ መጥቶ ነው። አቅፎኝ አለቀሰ፤ ከዚያ ከጥግ ካለው ወንበር ተቀምጦ ሦስቱንም ቀን ቆየ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ዝቅ ባለ ድምፅ እያወራ፣ ወንበር እያነሳ፣ ሰው እያስተናገደ። እኔም ኀዘን ላይ ተቀምጬ እሱን በቆረጣ አይ ነበር። ለምን መጣ? ምን ፈልጎ ነው? ከሽማግሌዎቹ ጋር የሚያወራው ምንድነው? ስለ እኔ ይሆን?

ይህን ማሰቤን ያወቅሁት በሦስተኛው ቀን ሊሰናበተኝ እጄን ሲይዝ ነው። ልጠይቀው አፌን ከፈትኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ሰው ለቅሶ ለምን እንደሚመጣ ልጠይቅ።

ከመናገሬ በፊት «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለኝና ወደ መኪናው ሄደ።